ክራርና ሁለተኛ ዲግሪ

በሐዴራ ለሁለተኛ ዲግሪ የሙዚቃ ፈተና የሚዘጋጅ አንድ ልጃችን «አባቶቼ፣ ትዝታንና ባቲን በጊታር ልጫወት ወይስ በክራር?» ብሎ ጠየቀን። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ጊታሩን የሚመዝኑ መምህራን ሞልተዋል፤ ቅኝቱን የሚመዝነው ማን ነው?

ሁላችን የምንጠቅሰው ሙላቱ አስታጥቄን ነው። በለንደን ትሪኒቲ፣ በቦስተን በርክሊ ተምሮ የአገሩን ቅኝት ከጃዝ ጋር አዋሐደ። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣውን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ያደመጠ፣ ትምህርቱ የራሱን ጆሮ እንዳልነጠቀው ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2007–2008 በሐርቫርድ ራድክሊፍ በተቀመጠ ጊዜም ከያዛቸው ሥራዎች አንዱ ክራርን ማዘመን ነበር። ዕድሜው ስድሳን ካለፈ በኋላ ወደ ክራር መመለሱን እናደንቃለን።

ማዘመን ሲባል ግን አንድ ሥጋት አለን። ክራር አምስት ወይም ስድስት አውታር ስላለው፣ ተጫዋቹ ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሻገር እንደገና ይቃኘዋል። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ። እኛ (ኖታ አናነብም፤ ዜማ የተማርነው ከቄሶች አፍ ነው) በጎንደር ገጠር ሲቃኝ ቁጭ ብለን እንሰማ ነበር። ዘፋኙም አድማጩም ጆሯቸውን የሚያዘጋጁት ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ «በክራር ተጫወት፤ በፈታኞችህም ፊት ቃኘው» አልነው። ኮሌጆቹም ከፕሮፌሰሮቹ ጎን አንድ ዲግሪ የሌላቸው የክራር አዋቂ ሽማግሌ ቢያስቀምጡ ፈተናው የተሟላ ይሆናል።

ልጁ ግን «የምቃኝበት ደቂቃ ከፈተናው ሰዓት ላይ ይቀነስብኛል» አለን። እንግዲህ ለመምህራኑ ደብዳቤ እየጻፍን ነው፤ መቃኘቱም እንደ ጨዋታው ነጥብ ይሰጠው ብለን።