አሮጌ የመሰለች አዲስ

ይኸውላችሁ፣ ሃምሳን ካለፍኩ በኋላም ያማሃ አር 3 እነዳለሁ። 321 ሲሲ፣ ከ40 ፈረስ ጉልበት በላይ፤ ተጎንብሼ ነው የምጋልባት። (ሰው «ዕድሜህን ረሳኸው እንዴ?» ይለኛል። ለመርሳት እኮ ነው የገዛኋት።)

ሰሞኑን ምሥራቅ ጎጃም፣ አማኑኤል ስደርስ የእህቴ ልጅ ሮያል ኢንፊልድ ክላሲክ 350 ይዞ ጠበቀኝ። «ጋሼ፣ እስቲ ይሞክሯት።»

ክብ መብራቷን ስታዩት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት የመጣች ትመስላለች፤ ሞዴሏ ግን የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። አፌን አጣመምኩ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ የግዕዝ ቃል የደረደረ ሁሉ ጥልቅ ጸሐፊ የሚመስላቸው ተማሪዎች ያናድዱኝ ነበር። ይህም ያው ነው አልኩ።

ከዚያ ወጣሁባት። 195 ኪሎ ለ20 ፈረስ ጉልበት! ነዳጅ ስትሰጧት አትፈናጠርም፤ ዱክ ዱክ እያለች ትሄዳለች። መሪዋ ከፍ ያለ ስለሆነ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። በ60 ስነዳ ከገበያ የሚመለሱት ሰዎች ፊት ታየኝ። አንዱ እጁን አነሣ፣ እኔም አነሣሁ። እናንተዬ፣ በዚህ መንገድ ስንት ዓመት ተመላልሻለሁ! በጎጃም ገጠር ሰላም ሳይሉ ማለፍ ነውር መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም፤ በ100 የሚበር ሰው ማንን ሰላም ይላል?

ስንመለስ አንድ አዛውንት ሞተሯን ዞር ዞር ብለው አዩአት።

«የጃንሆይ ጊዜ ናት?»

«አዲስ ናት፣ አባባ።»

«ታዲያ ምነው አሮጌ አስመሰላችኋት?»

መልስ አልነበረኝም። አለባበሷ አሁንም አይጥመኝም፤ አካሄዷን ግን ወድጄዋለሁ። ልጁን ለአንድ ሳምንት ቁልፍ እንለዋወጥ አልኩት። አመነታ።