ያልተነዳው ኤፍ 40

ለሽያጭ የሚጻፍም ጽሑፍ ነውና ይተቻል። እኔ በበኩሌ የቆዩ ውድ መኪናዎችን የጨረታ ካታሎግ ሳነብ፣ ልብ ወለድ ሳነብ የምጠይቀውን እጠይቃለሁ፦ ጸሐፊው ምኑን ነው የሚያደንቀው? ስለ ፌራሪ ኤፍ 40 የሚጻፉትን ያገላበጠ ሰው መልሱን ለማግኘት አይቸገርም። የሚደነቀው ያልሆነው ነው። ዝናብ አልነካውም፣ ቀለሙ አልተደገመም፣ መቀመጫው አልተላጠም፣ ከእጅ እጅ አልተዘዋወረም። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ፎቶግራፍ ደግሞ ለብቻው ጎላ ብሎ ይወጣል። ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖረ መኪና ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ያሳያል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዋጋው ይንራል።

ስለ ሌላ መኪና ቢባል ብዙ ባልከነከነኝ። ኤፍ 40 ግን ምን ዓይነት ሥራ እንደ ሆነ እናስታውስ። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ፌራሪ በስሙ የመጀመሪያውን መኪና ካወጣበት ከ1947 ጀምሮ ተቆጥሮ አርባኛው ዓመት ሲከበር፣ በሐምሌ 1987 ማራኔሎ ላይ ለሕዝብ ታየ። ኤንዞ ፌራሪ ያኔ የ89 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ፤ በዓመቱ፣ በነሐሴ 1988 ዐረፉ። እርሳቸው በሕይወት ሳሉ ይሁን ያሉት የመጨረሻው የመንገድ መኪና ይኸው ነው። የአካሉ ቅርጽ የፒኒንፋሪና ነው፤ በምሕንድስናው የኒኮላ ማቴራዚ እጅ አለበት። ከነጂው ጀርባ ባለ 8 ሲሊንደር፣ 2.9 ሊትር፣ ሁለት ተርቦ ያለው ሞተር ተቀምጧል። ጉልበቱ 478 ፈረስ፣ ፍጥነቱ በሰዓት 324 ኪሎ ሜትር።

ለእኔ ግን የዚህ ሥራ ምስጢር ያለው በተነፈገው ነገር ላይ ነው። ሬዲዮ የለውም። ምንጣፍ የለውም። መሪውን የሚያቀልል፣ ፍሬኑን የሚያግዝ መሣሪያ የለውም። በሩ ከውስጥ የሚከፈተው ገመድ ተስቦ ነው፤ እጀታ እንኳ ተሠስቶበታል። በመጀመሪያዎቹ ላይ መስኮቱ በእጅ የሚንሸራተት ፕላስቲክ ነበር። አካሉ ካርቦን ፋይበርና ኬቭላር ያለበት ሆኖ፣ ቀለሙ ከመሳሳቱ የተነሣ የጨርቁ ሽመና ከሥር ይታያል። ክብደት እንዳይጨምር ቀለም የተቆጠበለት መኪና ነው እንግዲህ።

ይህ ሁሉ የተቀነሰው እንዲነዳ ነው። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር እንቅልፋም ነው፤ ተርቦዎቹ ሲነቁ ግን ነጂውን ከመቀመጫው ጋር ያጣብቁታል። በዚያ መዘግየትና በዚያ ድንገተኛ ግፊት መካከል ያለው ነገር ነው የመኪናው ጠባይ፤ ይህ ደግሞ ቆሞ አይታይም።

በቆዩ የፈረንሳይ መጻሕፍት ሰብሳቢዎች ዘንድ፣ ገጾቹ እንደ ተያያዙ የቀሩ፣ በቢላ ያልተለያዩ ቅጂዎች ተፈላጊ ናቸው። ማንም አላነበባቸውም ማለት ነው። ነገሩ ቢያስቅም መጽሐፉ አይጎዳም፤ መቶ ዓመት ቆይቶም ቢላ ያነሣ ሰው ያነበዋል። መኪና እንዲህ አይታገሥም። የኤፍ 40 ቺንጋ መኪናው ቢሄድም ባይሄድም በዓመት ቆጠራ ይለወጣል። ነዳጅ መያዣዎቹ እንደ ውድድር መኪና የጎማ ከረጢቶች ናቸውና ያረጃሉ፤ እነሱን ለመለወጥ ደግሞ መፍታት ግድ ነው። የመንኮራኩሩ ጎማ ቆሞ ይደርቃል። የእኛ የጋራዥ ሰዎች፣ ካምቢዮና ፍሪሲዮን የሚሉትን ቃላት ሳይቀር ከጣሊያን የወረሱት፣ ብዙ ዘመን ቆሞ የኖረ መኪና ሲመጣላቸው ፊታቸውን ሲያጨማድዱ አይቻለሁ። ስለዚህ «ያልተነካ» የተባለው መኪና እየተፈታ የሚገጠም፣ ብዙ የተነካ ነገር ነው። ያልነካው መንገድ ብቻ ነው።

ገበያው ራሱ በዚህ ነገር አንድ ቃል የለውም። በኅዳር 2023 ኒው ዮርክ ላይ አንድ የ1962 ፌራሪ 250 ጂቲኦ ከ51 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። በተሠራበት ዓመት ኑርቡርግሪንግ ላይ ሁለተኛ የወጣ፣ ሌ ማን ላይ ተሰልፎ ሳይጨርስ የቀረ መኪና ነው። ለእርሱ መሮጡ ጀብዱ ሆኖ ተቆጠረለት፤ ለኤፍ 40 መሮጥ ጉድፍ ነው። ምክንያቱን ሳሰላስለው ከውበት ጋር ምንም ግንኙነት አላገኘሁበትም። 250 ጂቲኦ የተሠራው 36 ብቻ ነው፤ ብርቅነቱ አብሮት ተወልዷል። ኤፍ 40 ግን 1,311 ወንድማማቾች ናቸው፣ ከፋብሪካ ሲወጡም ሁሉም ቀይ። አንዱን ከሌላው አስበልጦ በሚሊዮን ዶላር ለመሸጥ አንድ ልዩነት መፈጠር አለበት። ቆጣሪው ያንን ልዩነት ፈጠረ። አነስተኛ ኪሎ ሜትር የተባለው ምስጋና የመኪናው ምስጋና ሳይሆን የብርቅነት ማምረቻ ነው።

አንድ ሁለቱ እንደ ወጡ ቢቀመጡ አልቃወምም። ዋናው ቀለም ምን ይመስል ነበር፣ ሙጫው እንዴት ተቀብቶ ነበር ብሎ ለሚጠይቅ ጠጋኝ፣ ያልታረመ ቅጂ ያስፈልገዋል። ቤተ መጻሕፍትም ዋናውን ይደብቃል፤ ግልባጩን ግን ለአንባቢ ይሰጣል። እዚህ ግን የዋጋው ሕግ ወደ ሁሉም ይዛመታል። መንዳት የሚወደው ባለቤት ሳይቀር፣ ከጋራዡ ባወጣው ቁጥር እያንዳንዷ ኪሎ ሜትር ከኪሱ እንደምትቆረጥ ያውቃል። እሑድ ጠዋት ቁልፉን አንሥቶ መልሶ ያስቀምጣል።

ለዚህ ይሆናል እነዚህ ጽሑፎች ስለ ቆዳው፣ ስለ ሰነዱ፣ ከመኪናው ጋር ስለሚሰጡት መፍቻዎች ገጽ ሙሉ ሲያወሩ፣ ሲነዳ ምን እንደሚመስል ለመናገር ሲደርሱ የሚያጥራቸው። ማን ነድቶት ይነግራቸዋል? መዶሻው ወርዶ ጨረታው ሲያበቃም፣ በሰዓት 324 ኪሎ ሜትር የሚሮጠው መኪና በተሸፈነ የጭነት መኪና ተጭኖ ወደ ሌላ ጋራዥ ይሄዳል።