«ለጨዋ ተከራይ»

«አዲሱ ገበያ፤ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት፤ ጥበቃ ያለው ግቢ፤ ውሃ 24 ሰዓት፤ ለጨዋ ተከራይ።»

ይህችን የቴሌግራም ማስታወቂያ እስቲ እንደ ግጥም እናንብባት። አከራዩ ማን እንደሆነ አትናገርም፤ ዋጋም የላትም። ድሮ «ግቢ» ሲባል የምኒልክ ነበር፤ ዛሬ ዘበኛና ሮቶ ካለ ይበቃል። እሱ ይሁን። እኔን የያዘኝ «ጨዋ» የሚለው ቃል ነው። በእኛ በኮድ ጸሐፊዎች ዘንድ ትርጉም ያልተሰጠው ቃል ፕሮግራሙን ያቆመዋል። እዚህ ግን የሚሠራው ትርጉም ስላልተሰጠው ነው፤ ማንንም ማስገባት፣ ማንንም መመለስ ይችላል።

ስደውል ደላላው ተረጎመልኝ፦ እንግዳ የማያበዛ፣ ኪራይ ሲጨመርበት የማይጨቃጨቅ፣ የስድስት ወር ቀድሞ የሚከፍል። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ይህንኑ ነገርኩት።

«ወንድሜ፣ አንተ ሕግ ታውቃለህ፤ ሴትዮዋ ደግሞ ሌላ ተከራይ ታውቃለች» አለኝ።

ማስታወቂያዋ ከነአማርኛዋ ጥሩ ተጽፋለች፤ አንድም ውሸት የለባትም። የደበቀችውን ሁሉ በአንዲት የምስጋና ቃል ነው የሸፈነችው። ማን «ጨዋ አይደለሁም» ብሎ ይከራከራል?

ቤቱ በሦስተኛው ቀን ተያዘ። እኔ አሁንም እህቴ ሳሎን ነው የምተኛው።