«ገሃነም» ወይስ «እንጦሮጦስ»? ስለ ባለዘጠኝ እርከኑ የሰይጣናት ግዛት አተረጓጎም

በምዕራቡ ዓለም የምናብ ድርሰት ውስጥ እየተደጋገመ የሚገኝ አንድ የሰይጣናት ግዛት አለ፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1978 በታተመው የ«ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» ጨዋታ መመሪያ በብዙ ቁጥር «ዘጠኙ ሲኦሎች» ተብሎ የተጠራው ነው። ዘጠኝ ዓለማት አንዱ ከሌላው በታች ተነጥፈዋል፤ በየዓለሙ አንድ የሰይጣናት መስፍን ይገዛል፤ የሁሉም የበላይ ስሙ ከመጽሐፈ ጦቢት የተወሰደው አስሞዴዎስ ነው። ይህን ግዛት በአማርኛ ለመሰየም የሚቀርቡትን ቃላት ከዚህ በታች እንመረምራለን።

«ዘጠኙ ገሃነሞች» የሚለውን አንቀበለውም። ገሃነም በቋንቋችን አንድ ነው፤ ሲበዛ ዘጠኝ የተለያዩ ቦታዎችን ያስመስላል። ከዚህም የሚከፋው የትርጉሙ መፋለስ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 እሳቱ የተዘጋጀው ለዲያብሎስና ለመላእክቱ ነው፤ በቁርኣን ጀሀነም ሰባት ደጆች ቢኖሩትም ሰይጣን በር ጠባቂ አይደለም፤ በዳንቴም ዘጠነኛ ክበብ ሰይጣን በበረዶ ውስጥ የታሰረ ነው። በእነዚህ ሁሉ ሰይጣን እስረኛ እንጂ ንጉሥ አይደለም። የአዳማ ክርስቲያን ገሃነም፣ የመተሐራ ሙስሊም ጀሀነም ሲል የሚያስበው ፍርድን ነው፤ ተርጓሚው ግን በዚያው ቃል መንግሥትን ሊያሳየው ይሞክራል።

«እንጦሮጦስ» የተሻለ ነው። እርግጥ ነው፣ እርሱም ከእስራት ስሜት ነፃ አይደለም፤ ነገር ግን በዕለት ንግግር «እንጦሮጦስ ወረደ» ሲባል ፍርዱ ሳይሆን ጥልቀቱ ስለሚጎላ ለምናብ ድርሰት ይበልጥ የተመቸ ነው።

ሁለተኛው ችግር የንብብሩ ስያሜ ነው። «ፎቅ» ሽቅብ የሚወጣ ሕንፃን ያመለክታል። «ደረጃ» ከሰይጣናቱ ማዕርግ ጋር ይምታታል። «ድርብ» ደግሞ የሚኖሩበት ስፋት የለውም። እዚህ ላይ የስምጥ ሸለቆ ምድር ራሱ ይረዳናል። ከአዲስ አበባ 2,300 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ በሞጆ በኩል 1,600 ሜትር ገደማ ወደሆነው አዳማ፣ ከዚያም ከ1,000 ሜትር በታች ወዳለው መተሐራ የሚወርድ መንገደኛ አንዱን ሜዳ ጨርሶ ወደ ሌላው ዝቅ ይላል፤ እያንዳንዱም የራሱ አየርና የራሱ ከተማ አለው። እንዲህ ያለውን አወራረድ በአንድ ቃል የሚይዝልን «እርከን» ነው።

ሦስተኛው የነዋሪዎቹ ስም ነው። ጨዋታው በሕግ የሚገዙትን ሰይጣናት ሥርዓት ከሌላቸው አጋንንት ይለያል፤ ስለዚህ የፊተኞቹን «ሰይጣን»፣ የኋለኞቹን «ጋኔን» ብሎ መለየት ይቻላል። «ዲያብሎስ» ለአንዱ አለቃ የተሰጠ ስለሆነ ለሕዝብ አይሆንም። «አያና»ን ለዚህ ማዋል ግን ስሕተት ብቻ ሳይሆን በደልም ነው። በኦሮሞ ነባር እምነት አያና ከዋቃ የሚገኝ መንፈስ እንጂ የሰይጣን ወገን አይደለም፤ ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ገበያ በሚነገሩባቸው በአዳማ፣ በሞጆና በዝዋይ ያለ አንባቢ እምነቱን በጭራቅ ዝርዝር ውስጥ ሊያገኘው አይገባም።

ስለዚህ ግዛቱ «እንጦሮጦስ»፣ ክፍሎቹ «ዘጠኙ እርከኖች»፣ ገዢዎቹ «የሰይጣናት መሳፍንት» ቢባሉ እንመርጣለን። «ዲስ»ንና «ማልቦልጅ»ን የመሳሰሉት የተጸውዖ ስሞች ከዳንቴ የተወረሱ ስለሆኑ ሳይተረጎሙ እንዳሉ ይቀመጡ። ገሃነምን ግን ለአማኙ እንተውለት።