«ስቦ አወጣው»፦ ስለ አንድ የአየር ግፊት ሙከራ የአማርኛ መግለጫ የቀረበ ሂስ

ስለ ሳይንስ ስያሜዎች በሚደረገው ውይይት አብዛኛው ክርክር የሚያተኩረው በስሞች ላይ ነው፤ ይኸውም የባዕዱ ቃል በምን ይተካ፣ ከግእዝ ይወሰድ ወይስ ከሕዝቡ አነጋገር ይለቀም የሚል ነው። ስሞቹን በዐረፍተ ነገር ውስጥ የሚያንቀሳቅሷቸው ግሦች ግን እምብዛም አይመረመሩም። ይህ ጽሑፍ አንድ ትንሽ የተማሪዎች ሙከራ በአማርኛ የሚገለጥበትን መንገድ በመመርመር፣ ስሕተት ከዕውቀት ማነስ ብቻ ሳይሆን ከግሥ አመራረጥም ሊመጣ እንደሚችል ለማሳየት የቀረበ ነው።

ሙከራው ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። በሳህን መካከል አጭር ሻማ ወይም ቁራጭ ጧፍ ይተከላል፤ በሳህኑ ውስጥ ሻይ የነካው ውኃ ይፈስሳል፤ ሻማው ይለኰስና ብርጭቆ ይደፋበታል። ጥቂት ቆይቶ ነበልባሉ ይጠፋል፤ ውኃውም በብርጭቆው ውስጥ ከፍ ይላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረው የቢዛንጥዮኑ ፊሎን የጻፈለት ጥንታዊ ሙከራ ሲሆን፣ ዛሬም በደብረ ማርቆስ ይሁን በሌላ ከተማ ያለ ማንኛውም መምህር በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊያሳየው ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚሰማው የአማርኛ መግለጫም ከዚህ የሚከተለውን ይመስላል፦

«ሻማው በብርጭቆው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ስለ ጨረሰ የአየሩ ይዘት ቀነሰ፤ ስለዚህ ባዶው ቦታ ውኃውን ስቦ አወጣው።»

ዐረፍተ ነገሩ እንደ አማርኛ ምንም እንከን የለበትም፤ አጭር፣ ግልጽና ለጆሮ የተስማማ ነው። እንደ ሳይንስ ግን ከግማሽ በላይ የተሳሳተ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ የሁለተኛ ደረጃ ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ስለ ወሰነ፣ የጎጃም ተማሪ ስለ አየርና ስለ ሙቀት የመጀመሪያውን ሐሳብ የሚይዘው በአማርኛ ነው። በዚያን ጊዜ የተተከለውን ሐሳብ ኋላ የሚመጣው እንግሊዝኛ በቀላሉ አይነቅለውም።

ነገሩ በእርግጥ እንዴት እንደሚሆን አስቀድመን እናስታውስ። ብርጭቆው በነበልባሉ ላይ ሲደፋ በውስጡ ያለው አየር ይሞቃል፤ ሲሞቅም ይስፋፋል፤ ከፊሉም በብርጭቆው ከንፈር ሥር በአረፋ መልክ ሾልኮ ይወጣል። ነበልባሉ ሲጠፋ የቀረው አየር ይቀዘቅዛል፤ ግፊቱም ከውጭው አየር ግፊት ያንሳል። ያን ጊዜ በሳህኑ ውኃ ላይ የሚጫነው የውጭ አየር ውኃውን ወደ ብርጭቆው ውስጥ ይገፋዋል። የኦክሲጅን ድርሻ ፈጽሞ የለም አይባልም፤ ግን ትንሽ ነው። ሻማ የሚጠፋው ከአየሩ 21 በመቶ የሚሆነው ኦክሲጅን ወደ 16 በመቶ ገደማ ሲወርድ እንጂ ሲያልቅ አይደለም። በዚህ ላይ ሦስት እጅ ኦክሲጅን ሲቃጠል ሁለት እጅ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተካል። ለዚህም ማረጋገጫው ከተማሪው ዓይን ፊት ነው፤ ውኃው በአብዛኛው በፍጥነት ከፍ የሚለው ነበልባሉ ከጠፋ በኋላ ነው፤ በአንድ ሻማ ፈንታ ሦስት ቢተከል ደግሞ ውኃው ይበልጥ ከፍ ይላል። ምክንያቱ የኦክሲጅን ማለቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሻማው ብዛት ይህን ያህል ለውጥ ባላመጣ ነበር።

እንግዲህ የተጠቀሰውን ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል እንመርምር።

ሀ) «ይዘት»። ቃሉ በሒሳብና በሳይንስ ትምህርት አንድ አካል የሚይዘውን ቦታ ለመግለጥ ይነገራል። በተለመደው አነጋገር ግን በአንድ ነገር ውስጥ የሚገኘውን ነገር ያመለክታል፤ የመጽሐፍ ይዘት፣ የምግብ ይዘት እንደምንለው ነው። «የአየሩ ይዘት ቀነሰ» ሲባል እንግዲህ አየሩ የያዘው ቦታ ጠበበ ማለት ነው ወይስ በአየሩ ውስጥ ካሉት ነገሮች አንዱ ጐደለ? የመጀመሪያው ትርጉም ወደ መቀዝቀዝና ወደ ግፊት ይመራል፤ ሁለተኛው ወደ ኦክሲጅን ማለቅ ይመራል። የተሳሳተው ማብራሪያ ከትክክለኛው ጋር በአንድ ቃል ውስጥ ስለሚያድር፣ መምህሩ አንዱን ሲናገር ተማሪው ሌላውን ይሰማል። ስለዚህ ጋዝን በሚመለከት ጽሑፍ ውስጥ «አየሩ የያዘው ቦታ» ወይም «መጠነ ይዘት» ብሎ መለየት ይገባል።

ለ) «ወጣ»፣ «አወጣ»። አማርኛ ከውስጥ ወደ ውጭ መሄድንና ከታች ወደ ላይ መሄድን በአንድ ግሥ ይገልጣል፤ ሰው ከቤት ይወጣል፤ ተራራም ይወጣል። ይህ በሌላ ቦታ ችግር አይሆንም። በዚህ ሙከራ ግን አየሩ ወደ ውጭ ሲወጣ ውኃው ወደ ላይ ይወጣል፤ ሁለቱ ሥራዎች ደግሞ የምክንያትና የውጤት ግንኙነት አላቸው። በአንድ ግሥ ቢነገሩ ዋናው ምክንያት፣ ማለትም የሞቀው አየር መውጣት፣ ከመግለጫው ይሰወራል። «ሙቀቱ ወጣ» የሚለውማ ይብሳል፤ አንዱ ጨመረ፣ ሌላው ለቅቆ ሄደ ብሎ በተቃራኒው ሊተረጉመው ይችላል። ለአየሩ «ወጣ»፣ ለውኃው «ከፍ አለ»፣ ለመጠነ ሙቀቱ «ጨመረ» ብሎ ማከፋፈል ያለ ምንም አዲስ ቃል ችግሩን ያስወግደዋል።

ሐ) «ሙቀት»። ከአንዱ አካል ወደ ሌላው የሚተላለፈውም፣ በመለኪያ የሚነበበውም በአንድ ቃል ሲጠራ ይታያል። «መጠነ ሙቀት» የሚለው ስያሜ ከተለመደ ቆይቷል፤ ጸሐፊዎች ግን ለማሳጠር ሲሉ «መጠነ» የሚለውን ይጥሉታል። በዚህ ሙከራ ውስጥ ነበልባሉ ለአየሩ የሚሰጠው ሙቀት ነው፤ በአየሩ ላይ የሚጨምረውና ኋላ የሚቀንሰው መጠነ ሙቀት ነው። ማሳጠሩ የሚያተርፈው አንድ ቃል፣ የሚያጠፋው ግን አንድ ጽንሰ ሐሳብ ነው።

መ) «ባዶው ቦታ ሳበ»። የስሕተቱ ሥር ከዚህ ላይ ነው። በሰዋስው ትምህርት የግሥ ባለቤትና ተሳቢ ተለይተው ይፈለጋሉ፤ በዋሸራና በዲማ የቅኔ ትምህርት ባለፈባት በጎጃም ይህ ለማንም እንግዳ አይደለም። ከዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ተሳቢው ውኃው መሆኑ ግልጽ ነው፤ ባለቤቱ ግን ባዶ ቦታ ነው። የሌለ ነገር የሥራ ባለቤት ሆነ ማለት ነው። ሥራውን በእርግጥ የሠራው የውጭው አየር በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ስሙ እንኳ አልተጠራም። ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1644 በጻፈው ደብዳቤ፣ ፓስካልም እ.ኤ.አ. በ1648 ባሜላው በተራራ ላይ ባሠራው ሙከራ ያስረዱት፣ ባዶ ቦታ እንደማይስብና የሚገፋው ክብደት ያለው አየር መሆኑን ነው። አማርኛችን ይህን ክርክር ገና እንዳልተረታ አድርጎ ይናገራል።

«ግፊት» የሚለው ስም በዚህ ረገድ የተመረጠ ነው። «ጫና» ከላይ ወደ ታች የሚከብድን ሸክም ሲያሳስብ፣ «ግፊት» ግን አቅጣጫ አይወስንም፤ የአየር ግፊትም በሁሉም አቅጣጫ ይሠራል። ከዚሁ ሥር የወጣው «ግፊያ» የገበያ ሕዝብ መተሻሸትን ማመልከቱ የአየር ሞለኪሎች ዘወትር እየተጋጩ ግድግዳን መምታታቸውን ለማስረዳት ለመምህር ምቹ ምሳሌ ይሆነዋል። ነገር ግን በስም «ግፊት» ብሎ በግሥ «ሳበ» ማለት፣ በአንድ እጅ የገነቡትን በሌላው ማፍረስ ነው።

አንዳንዶች «ሳበ» ማለት የሕዝቡ አነጋገር ነው፤ ዋግምት ደም ሳበ፣ መጠጠ ይባላል፤ ፀሐይ ወጣች ማለታችንስ መች ቀረ ሊሉ ይችላሉ። ክርክሩ በዕለት ተዕለት ንግግር ረገድ ትክክል ነው፤ ማንም ዋግምት የሚያደርግ ሰው አነጋገሩን እንዲለውጥ አይጠየቅም። በማስረጃና በብያኔ ጽሑፍ ግን ጉዳቱ ከክፍል አልፎ ሜዳ ላይ ይወርዳል። «የውኃ መሳቢያ ሞተር» የምንለውን መሣሪያ እንውሰድ። ሞተሩ ከጕድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ የሚስብ ከሆነ፣ ጕልበቱ የበለጠ ሞተር ከጠለቀ ጕድጓድ ይስባል ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው። ሞተሩ ግን የሚያደርገው በቱቦው ውስጥ ያለውን ግፊት መቀነስ ብቻ ነው፤ ውኃውን ወደ ላይ የሚገፋው በጕድጓዱ ውስጥ ያለው አየር ነው። በባሕር ጠለል ላይ ይህ አየር ውኃን ከ10.3 ሜትር በላይ ሊገፋ አይችልም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር በሚያልፈው በደብረ ማርቆስ ደግሞ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ወሰኑ ወደ 7.6 ሜትር ይወርዳል፤ በሥራ ላይ ሲውል ከዚህም ያንሳል። ይህን ወሰን የሞተር ጕልበት አያሻሽለውም። «ሳበ» የሚለው ግሥ የሚሰውረው ይህን ቍጥር ነው፤ የሚከስረውም ሞተሩን የገዛው ገበሬ ነው።

የግፊት ከቦታ ቦታ መለያየት ለጎጃም ተማሪ ሩቅ ነገር አይደለም። በደጀን ላይ ባዶ ሃይላንድ ክዳኑን አጥብቆ ዘግቶ ወደ አባይ በረሃ የወረደ ሰው፣ ከድልድዩ ሲደርስ ፕላስቲኩ ተጨማድዶ ያገኘዋል። የሳበው የለም፤ ቆላው አየር ገፋው እንጂ።

ከዚህ በመነሣት ለመዝገበ ቃላትና ለመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች፣ ለተርጓሚዎችም የሚከተለው ሐሳብ ይቀርባል። አንደኛ፣ እንደ «ግፊት» ያለ ስያሜ በመዝገብ ሲሰፍር ከእርሱ ጋር የሚሄደው ግሥና የግሡ ባለቤት በምሳሌ ዐረፍተ ነገር አብሮ ይሰጥ። ሁለተኛ፣ «ሳበ» እና «መጠጠ» በአየርና በፈሳሽ ረገድ ሲገቡ የዕለት ተዕለት አነጋገር መሆናቸው ይመልከት። ሦስተኛ፣ «ይዘት» እና «ሙቀት» በሳይንስ ጽሑፍ ውስጥ ብቻቸውን ሳይሆን ከመለያቸው ጋር ይጻፉ። በዚህ መሠረት የሙከራው መግለጫ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ነበልባሉ ያሞቀው አየር ተስፋፍቶ ከፊሉ ከብርጭቆው ወጣ፤ ነበልባሉ ከጠፋ በኋላ የቀረው አየር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ቀነሰ፤ የውጭው አየርም ውኃውን ወደ ብርጭቆው ውስጥ ገፋው፤ ውኃውም ግፊቱ እስኪመጣጠን ድረስ ከፍ አለ።»

ይህኛው ከመጀመሪያው ይረዝማል፤ ለጆሮም ያን ያህል አይጥምም። ሆኖም እያንዳንዱ ግሥ ባለቤቱን አግኝቷል፤ በውስጡም አንድም አዲስ ቃል የለም። አማርኛ ይህን ሙከራ ለመግለጥ የሚያስፈልገው ቃል ሁሉ ነበረው፤ የጐደለው ማን ምን እንደ ሠራ መጠየቅ ነበር።