በካዛብላንካ ሥዕል ውስጥ ስለ ተነሣው ስለ አገራችን ስም

በጉርድ ሾላ ሰፈር፣ ከከተማው ባቡር ሐዲድ ጥቂት ገባ ብሎ በሚገኝ በአንድ ወዳጃችን ቤት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ሰባት ስምንት የምንሆን ሰዎች ተሰብስበን የቀድሞ ዘመን ሲኒማ በቴሌቪዥን መመልከት ከጀመርን ሁለተኛ ዓመታችን ነው። የቤቱ ጌታ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ከእንግዶቹም መካከል አንድ የቅኔ መሪጌታ፣ አንድ የባንክ ሠራተኛ፣ አንድ የሕግ ተማሪና ይህን የምጽፈው እኔ እንገኛለን። በዕድሜም በትምህርትም የማንመሳሰለውን ሰዎች በአንድ ክፍል የሰበሰበን የአንድ ሰው ፊት ነው፤ እርሱም አሜሪካዊው የሲኒማ ተጫዋች ሐምፍሪ ቦጋርት ነው። ቡና እየተፈላ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት እንቆያለን፤ አንዳንድ ጊዜም ሥዕሉ ካለቀ በኋላ የሚነሣው ክርክር ከሥዕሉ ይረዝማል። ባለፈው ቅዳሜ የተነሣው ክርክር ግን እንደ ወትሮው ጨዋታ ብቻ ሆኖ ስላልቀረ፣ አንባቢዎቻችን ቢፈርዱበት መልካም ነው ብዬ እነሆ ጻፍሁት።

አስቀድሞ ስለ ሰውየው ጥቂት ልናገር። ቦጋርት እ.ኤ.አ. በ1899 ተወልዶ በ1957 የሞተ ነው። መልከ መልካም አይደለም፤ ቁመቱም አያስደንቅም፤ ንግግሩም በጥርሱ መካከል እንደ ታፈነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዓመታት ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ሽፍታና ወንበዴ ሆኖ መጫወት፣ ከዚያም ሥዕሉ ሳያልቅ በጥይት መውደቅ ነበር። ዕድሉ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1941 ጆን ሂውስተን ባዘጋጀው «የማልታ ጭልፊት» በተባለው ሥዕል ነው። እንዲህ ያሉትን የአሜሪካ ሥዕሎች ኒኖ ፍራንክ የተባለ ሐያሲ እ.ኤ.አ. በ1946 በፓሪስ «ጥቁር ሲኒማ» ብሎ ሰየማቸው። ስማቸው እንደሚያመለክተው ሌሊትና ጥላ የበዛባቸው ናቸው፤ በዳኛና በወንበዴ መካከል ያለው ድንበር የደበዘዘባቸው፣ ደግ የሚሠራውም ሰው ደግነቱን እንደ ነውር የሚሸሽግባቸው ናቸው።

«ካዛብላንካ» እ.ኤ.አ. በኅዳር 1942 በኒውዮርክ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ፣ ማይክል ከርቲዝ ያዘጋጀው ሥዕል ነው። መጨረሻው ተስፋ ያለበት በመሆኑ አንዳንድ ሊቃውንት ከጥቁር ሲኒማ ወገን አይቆጥሩትም። ነገር ግን ጥላውም ባለታሪኩም የዚያ ቤት ልጆች መሆናቸውን ማንም አይክድም። ታሪኩም እንዲህ ነው፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከናዚ የሸሹ ስደተኞች ወደ አሜሪካ ለመሻገር በሞሮኮ ከተማ በካዛብላንካ ይጠባበቃሉ። በዚያች ከተማ ሪክ የተባለ አሜሪካዊ የመጠጥና የቁማር ቤት ከፍቶ ይኖራል፤ ለማንም ብሎ አንገቱን ለአደጋ እንደማያጋልጥ ደጋግሞ ይናገራል። ከዚያም ቀድሞ የሚወዳት ሴት ከባሏ ጋር ትመጣለች፤ ባሏም ናዚዎች የሚያሳድዱት ላዝሎ የተባለ አርበኛ ነው። የሚያድናቸው የመውጫ ወረቀት በሪክ እጅ ነው። በመጨረሻም ሪክ ወረቀቱንም ሴቲቱንም ለባሏ አስረክቦ እርሱ በጭጋግ ውስጥ ይቀራል።

ክርክራችን የተነሣው ከዚህ ታላቅ ነገር አልነበረም፤ በመጀመሪያው ክፍል ከሚሰማ ከአንድ አጭር ንግግር ነው። የከተማው የፖሊስ ሹም ካፒቴን ሬኖ ለሪክ፣ ክፉ መስለህ ብትታይም ልብህ ለስላሳ መሆኑን አውቃለሁ ይለዋል፤ ምስክርም ሲጠራ ሪክ በ1935 ለኢትዮጵያ መሣሪያ ማሻገሩን፣ በማግስቱም ዓመት በእስፓኝ ከመንግሥቱ ወገን ሆኖ መዋጋቱን ያነሣል። ሪክም በሁለቱም ሥራ ጥሩ ገንዘብ እንደ ተከፈለው ይመልሳል። ሬኖ ግን አሸናፊው ወገን ከዚያ አብልጦ ይከፍልህ ነበር ይለዋል።

የአገራችን ስም ሲጠራ ክፍሉ ዝም አለ። ከመካከላችን እንግሊዝኛ አጣርቶ የማይሰማ ስለ ነበረ፣ የሕግ ተማሪው «በ1935 ለኢትዮጵያ መሣሪያ ሸጠ ነው የሚለው» ብሎ ተረጐመ። የባንክ ሠራተኛው «በ1935 ማ ጠላት ወጥቶ አልነበረምን?» ቢል ሳቅ ሆነ፤ ዘመኑ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑንና በእኛ ሲቆጠር 1927 እና 1928 ዓ.ም. መሆኑን ነገሩት። ተማሪው ግን አልሳቀም። «እንግዲህ የምናደንቀው ሰው በእኛ ደም የነገደ ነጋዴ ነው፤ ራሱ ተከፍሎኛል አላለምን?» አለ።

መምህሩ ይህን ሲሰሙ ሥዕሉን አስቆሙ። «ልጄ፣ ሸጠ አላለም። ቃሉ በስውር አስገባ፣ ኬላ ጥሶ አሻገረ ማለት ነው» አሉት። ተማሪው «ጌታዬ፣ ልዩነቱ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። «ልዩነቱንማ አባቴ ያውቁት ነበር» ብለው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ አጎታቸው በማይጨው በወደቁ ጊዜ በዝናራቸው የተገኘው ጥይት በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠር እንደ ነበረ ከአባታቸው የሰሙትን ነገሩን።

በእውነቱ የቃሉ ልዩነት ታላቅ ነው። በ1927 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ እየቀረበ ሲሄድ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለኢጣልያም ለኢትዮጵያም መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ። ነገሩ ሲሰሙት ትክክለኛ ፍርድ ይመስላል። ነገር ግን ኢጣልያ መድፉንም አውሮፕላኑንም በገዛ ፋብሪካዋ የምትሠራ ስትሆን፣ ኢትዮጵያ ጥይቷን እንኳ በገንዘቧ ከውጭ የምታስመጣ ነበረች፤ ስለዚህ ክልከላው የጎዳው አንዱን ወገን ብቻ ነው። የመንግሥታት ማኅበር ለኢትዮጵያ የተደረገውን ክልከላ ያነሣው ጠላት መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ድንበር ጥሶ ከገባ ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። እንግዲህ በዚያ ዘመን መሣሪያ ሸጠ ሲባል ንግድ ነው፤ በስውር አሻገረ ሲባል ግን ኃያላን መንግሥታት የዘጉትን በር መክፈት ነው። «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» እንዲሉ፣ በዚያን ጊዜ ምሳር የሚያቀብል እንጂ ድጋፍ የሚያቀርብ ጥቂት ነበር።

ተማሪው ግን በቀላሉ የሚረታ አልሆነም። «ይሁን፤ በስውርም ቢሆን ተከፍሎት ነው» አለ። በዚህን ጊዜ እስከዚያ ድረስ ቡናቸውን ብቻ ሲጠጡ የነበሩት መሪጌታ ተናገሩ። «ሥዕሉ ይለቅና እስከ መጨረሻው እንየው። ቅኔ በግማሽ አይፈታም» አሉ።

ሥዕሉም ተለቀቀ። ወደ መጨረሻው ገደማ ላዝሎ የመውጫውን ወረቀት ሊለምን ወደ ሪክ ይመጣል፤ እርሱም ኢትዮጵያንና እስፓኝን ዳግመኛ ያነሣል፤ ሁልጊዜ ከተጠቃው ወገን ሆነህ መገኘትህ አያስገርምምን ይለዋል። ሪክም ይህ ልማድ ብዙ ገንዘብ እንዳስወጣው፣ እርሱም ከቶ ንግድ የማያውቅ ሰው እንደ ሆነ ይመልሳል። መሪጌታ እጃቸውን አንሥተው «ይኸውና! ለሹሙ ተከፍሎኛል አለ፤ ለአርበኛው ከፍያለሁ አለ። ሰሙ የፊተኛው ነው፤ ወርቁ የኋለኛው ነው» አሉ።

እኔም ይህን ፍርድ እቀበላለሁ፤ ምክንያቱንም ልጨምር። አንድ ሰው ስለ አንድ ሥራ ሁለት የሚቃረን ቃል ሲሰጥ፣ ቃሉን የሰጠው ለማን እንደ ሆነ መመርመር ይገባል። ሬኖ ጉቦ የሚወድ፣ ነፋስ ወደ ነፈሰበት የሚያዘነብል ሹም ነው፤ ለእንዲህ ያለ ሰው የሚገባው ቋንቋ ገንዘብ ብቻ ስለ ሆነ ሪክ በገንዘብ ቋንቋ መለሰለት። ላዝሎ ግን በናዚ እስር ቤት የተሠቃየ ሰው ነው፤ ለእርሱም እየቀለደ ቢሆን እንኳ እውነቱን ነገረው። የቦጋርት ጥበብ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በሁለቱም ጊዜ ፊቱ አይለወጥም፤ ድምፁም አይነሣም። ሌላ ተጫዋች ቢሆን በሁለተኛው መልስ ላይ ዓይኑን እንባ በሞላው ነበር፤ እርሱ ግን ቃሉን እንደ ተራ ነገር ጥሎት ያልፋል፤ የሚያነሣው ተመልካቹ ነው።

ከዚህም የበለጠ ነገር አለ። የሥዕሉ መጨረሻ የሚታመነው ስለ ኢትዮጵያና ስለ እስፓኝ የተነገረው አስቀድሞ ስለ ተነገረ ነው። ያ ባይኖር፣ ለማንም አልቸገርም ይል የነበረ ሰው በአንድ ሌሊት ሁሉን ትቶ ሲሰጥ፣ ተመልካቹ ይህ ከየት መጣ ባለ ነበር። አሁን ግን ሪክ አዲስ ሰው አልሆነም፤ ወደ ቀድሞ ማንነቱ ተመለሰ እንጂ። ሰፈራችን ስሙን ያገኘባት ሾላ እንኳ ብትጐረድም ሥር ነበራት፤ የሪክም ሥር በ1928 ዓ.ም. በእኛ አገር የተተከለ ነው።

ስለ ዘመኑ ደግሞ አንድ ነገር ላስታውስ። ሪክ በሥዕሉ መጀመሪያ የሚፈርመው ወረቀት ታኅሣሥ 2 ቀን 1941 የሚል ነው፤ በእኛ ሲቆጠር ኅዳር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. ይሆናል። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ በጎንደር የቀረው የመጨረሻው የኢጣልያ ጦር እጁን የሰጠውም ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ሬኖ ኢጣልያን «አሸናፊው ወገን» ሲላት፣ ያ አሸናፊ በጎንደር እጁን ከሰጠ ገና አምስት ቀን ነው። ጸሐፊዎቹ አስበውትም ቢሆን ሳያስቡት፣ የሹሙ ብልጠት በቀን መቁጠሪያ ተረቷል።

ይህን ሁሉ ካመሰገንሁ በኋላ ጉድለቱንም አለመናገር አድልዎ ይሆናል። ሥዕሉ የተነሣው በካሊፎርኒያ በተሠራ አዳራሽ ነው፤ ካዛብላንካ የሞሮኮ ከተማ ሆና ሳለች፣ ቁም ነገር የሚናገር አንድ ሞሮኳዊ አይታይባትም። ዱሊ ዊልሰን የተጫወተው ጥቁሩ ሙዚቀኛ ሳም የሪክን ኀዘን ከማንም ይልቅ ያውቃል፤ ነገር ግን ሪክ ቤቱን ሸጦ ሲሄድ ሳምን ምን ትላለህ ብሎ የጠየቀው የለም። ኢትዮጵያም ስሟ ሁለት ጊዜ ተጠርቶ፣ የአንድ ባዕድ ደግነት ማስረጃ ከመሆን አታልፍም። ስደተኞቹን ከተጫወቱት ብዙዎቹ በእውነት ከናዚ የሸሹ ነበሩና እንባቸው እውነተኛ ነው፤ በዚያው ዘመን በኢየሩሳሌምና በኬንያ የተሰደዱት ኢትዮጵያውያን ግን በዚያ ቤት ወንበር አላገኙም።

«ታዲያ ሁለት ጊዜ ስለ ተጠራ ስም ይህን ያህል መከራከር ምን ይጠቅማል?» ብሎ የባንክ ሠራተኛው ጠየቀ። መልሱ፣ በሲኒማ ውስጥ ያለ ቃል ቀላል አለመሆኑ ነው። ይኸው ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1952 በምዕራብ ጀርመን ሲታይ ናዚዎቹ ሁሉ ተቆርጠው ወጥተው፣ አርበኛው ላዝሎም የኖርዌይ የአቶም ሊቅ ተብሎ ነበር። ቃል ክብደት ባይኖረው ኖሮ መቀስ ባላስፈለገም ነበር።

ተማሪው በመጨረሻ እንዲህ አለ፦ «ሪክ ነጋዴ አለመሆኑን ተቀብያለሁ። ግን እርሱ ልብ ወለድ ነው። በእውነት የመጣ ሰው አልነበረምን?» መምህሩም የጆን ሮቢንሰንን ታሪክ ነገሩት። ይህ ጥቁር አሜሪካዊ አውሮፕላን ነጂ በ1927 ዓ.ም. ከቺካጎ መጥቶ፣ በጦርነቱ ጊዜ የኢትዮጵያን አየር ኃይል የመራ፣ ከነጻነትም በኋላ ተመልሶ አብራሪዎችን ያስተማረ፣ በ1946 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ በደረሰበት ጉዳት በአዲስ አበባ የሞተ ነው። ተማሪው ስሙን ከዚያች ሌሊት በፊት ሰምቶት አያውቅም ነበር፤ የሪክን ስም ግን ያውቅ ነበር።

ይህ ነገር አሳፈረን፤ ከወቀሳውም ማንም አላመለጠም፤ እኔም ጭምር። ባዕዳን ስማችንን ሁለት ጊዜ ቢያነሡ ሌሊቱን እንከራከርበታለን፤ እኛ ራሳችን ልንተርከው የሚገባንን ግን ለመምህሩ ትዝታ ትተነዋል። ሲኒማ የሚሠሩ ወጣቶቻችን በዝተዋልና ይህን ጽሑፍ ያነበበ ቢኖር፣ ዝናሩ ባዶ የሆነው የማይጨው ወታደርና ከቺካጎ የመጣው አውሮፕላን ነጂ ባለታሪክ እንጂ የሰው ታሪክ ማስረጃ ብቻ ሆነው መቅረት እንደማይገባቸው ያስብበት።

የሚመጣው ቅዳሜ «የማልታ ጭልፊት» ተራ ነው። ተማሪው ቀድሞ ሊተረጉም መዝገበ ቃላት እንደሚያመጣ ተናግሯል፤ መምህሩም የሮቢንሰንን ፎቶግራፍ ፈልገው ከቴሌቪዥኑ በላይ እንደሚሰቅሉት ቃል ገብተዋል።