ናፋቂው ማን ነው? ስለ ሁለት አስተማሪዎችና ሁለት መጻሕፍት

ይህች መጽሔታችን በወጣች ቁጥር ከሚደርሷት ግጥሞች ግማሹ ስለ ናፍቆት ነው ብንል ብዙ ያጋነንን አይመስለንም። አገሬ፥ ወንዜ፥ የእናቴ ቤት፥ የቡናው ጢስ። ገጣሚው አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ ከእኛ ጋር ተሰልፎ ምሳውን የሚበላ ነው፤ ናፈቀኝ የሚለውም አገር በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ነው። በዚህ አንስቅበትም፤ የአንድ ቀን መንገድም ይናፈቃል። የሚያስቸግረን ሌላ ነው። ግጥሙን አንብበን ስንጨርስ ያ ወንዝ ማን እንደሚባል፥ በክረምት በየት በኩል እንደሚሻገሩት፥ የእናቲቱ ቤት በር ወደ የት እንደሚያይ አናውቅም። ያወቅነው ገጣሚው ማልቀሱን ብቻ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ እርስ በርስ ከመነታረክ ይልቅ፥ አገራቸውን ጥለው በሰው አገር ቋንቋ እያስተማሩ የኖሩ ሁለት ደራሲዎችን ማየት ይሻላል ብለናል። አንዱ አየርላንዳዊ ነው፥ አንዱ የእኛው። ዘመኑን ሁሉ የምንሰጠው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጄምስ ጆይስ ከደብሊን የወጣው በኦክቶበር 1904 ነው። ዕድሜው 22፤ ዘመናዊ ቋንቋዎች አጥንቶ ከተመረቀ ሁለት ዓመቱ፤ እናቱ ከሞተች አንድ ዓመት አልፏታል። አብራው የወጣችው ኖራ ባርናክል የተባለች የጎልዌይ ልጅ ናት፤ ከተዋወቁ ገና አራት ወራቸው። ዙሪክ ባለው የበርሊትዝ ቋንቋ ትምህርት ቤት ሥራ አለ ብሎ ሄደ፤ ሲደርስ ሥራ የለም። ወደ ትሪየስት ላኩት፤ እዚያም የለም። በመጨረሻ ፖላ በምትባል የኦስትሪያ ሃንጋሪ የባሕር ኃይል ወደብ (ዛሬ ክሮኤሺያ ውስጥ ናት) ለመኮንኖች እንግሊዝኛ ማስተማር ጀመረ። በመጋቢት 1905 ወደ ትሪየስት ተመለሰ፤ ሮም ላይ በባንክ ጸሐፊነት ካሳለፋቸው ጥቂት ወራት በቀር እስከ 1915 ድረስ ኑሮው ትሪየስት፥ እንጀራው ማስተማር ሆነ።

የበርሊትዝ ደንብ የታወቀ ነው። አስተማሪው በሚያስተምረው ቋንቋ ብቻ ይናገራል፤ ማስተርጎም የለም። ጠዋት ለመኮንን፥ ከሰዓት በኋላ ለነጋዴ፥ ይህ ወንበር ነው ያ መስኮት ነው ሲል የሚውል ወጣት የገዛ አፉ ቋንቋ እንደ ሱቅ ዕቃ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይታየዋል። ማታ ማታ ደግሞ ይጽፋል። ምን ይጽፋል? እኛ ብንሆን ስለ ትሪየስት ዝናብና ስለ ብቸኝነታችን እንጽፍ ነበር። እሱ የጻፈው «ደብሊናውያን» የተባለውን የ15 አጫጭር ታሪኮች መጽሐፍ ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ትሪየስት የለችም፥ ፖላም የለችም፥ በሰው አገር የሚያስተምር ወጣትም የለም።

ናፍቆቱን ማየት የፈለገ ደብዳቤዎቹን ይይ። በሴፕቴምበር 1905 ለወንድሙ ለስታኒስላውስ ጥያቄ ይልካል። ቄስ ሲቀበር ልብሰ ክህነቱን ለብሶ ሊቀበር ይችላል ወይ? የከተማ ምርጫ በኦክቶበር ሊደረግ ይችላል ወይ? እነዚህ ሁለት መንገዶች በየትኛው የምርጫ ቀጠና ውስጥ ናቸው? ሲድኒ ፓሬድ ጣቢያ ላይ አደጋ ቢደርስ የከተማው አምቡላንስ ይመጣል ወይ፥ የተጎዳውስ ሰው የሚወሰደው የትኛው ሆስፒታል ነው? አንብቦ የሚስቅ ይኖራል። ነገር ግን ሰው እንዲህ የሚጠይቀው ስለማይረሳው ቦታ ነው። ከ16 ዓመት በኋላም ይኸው አመል አልለቀቀውም፤ «ዩሊሲስ»ን ሲጨርስ ለአክስቱ ጽፎ፥ አንድ ሰው ኤክልስ ጎዳና 7 ቁጥር ያለውን ቤት አጥር ዘሎ ሳይጎዳ መውረድ ይችል እንደሆነ ጠይቋል። እሜቴ ሄደው ይዩልኝ ነው ነገሩ!

እዚህ ላይ ብናቆም ግን «ዝርዝር ጻፉ፥ የመንገድ ስም ጥቀሱ» የሚል ምክር ብቻ ይዘን እንቀራለን፤ ይህን ደግሞ ማንም የቅንብር አስተማሪ ይነግረናል። ጆይስ ላይ የሚገርመን ሌላ ነገር አለ። ናፍቆቱን ለራሱ አላስቀረውም።

«ኢቭሊን»ን እንውሰድ። ከምትወደው መርከበኛ ጋር ወደ ቦነስ አይረስ ልትሄድ ወደቡ ድረስ መጥታ፥ እግሯ አልነቀል ብሎ የምትቀር ልጅ ናት። ታሪኩ በጋዜጣ የወጣው በሴፕቴምበር 1904 ነው። በሚቀጥለው ወር ጆይስና ኖራ መርከብ ተሳፈሩ። ሊሄድ የተነሣ ሰው ስለምትቀረው ጻፈ ማለት ነው።

ይበልጥ ግልጥ የሚሆነው ግን በ1907 ትሪየስት ላይ ጽፎ በጨረሰው፥ የመጽሐፉ መደምደሚያ በሆነው «ሙታን» በተባለው ረጅም ታሪክ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፥ በሴፕቴምበር 1906፥ ከሮም ለወንድሙ በጻፈው ደብዳቤ ስለ አየርላንድ ሲያስብ ያለ አግባብ ጨካኝ የሆነባት እንደሚመስለው፥ በተለይም የሕዝቡን እንግዳ ተቀባይነት በታሪኮቹ ውስጥ እንዳላሳየ ገልጦ ነበር። ስለዚህ ብዙ ሐያስያን «ሙታን»ን የካሣ ታሪክ አድርገው ያነቡታል። ልክ ናቸው፥ ግን በግማሽ። የግብዣው ገበታ እውነትም ካሣ ነው፤ ዝይው፥ የአሳማው ሥጋ፥ ቅመም የገባበት የበሬ ሥጋ፥ ጠርሙሶቹ እንደ ሠራዊት ተሰልፈው፤ ደሞዝ ከወር ወር የማይደርስለት አስተማሪ በባዶ ሆዱ የጻፈው ገበታ መሆኑ ያስታውቃል። ስለ እንግዳ ተቀባይነት ንግግር የሚያደርገው ግን ማን ነው? ገብርኤል ኮንሮይ። ሙያው አስተማሪ፤ በትርፍ ጊዜው ለጋዜጣ የመጽሐፍ ሒስ የሚጽፍ። በግብዣው ላይ የሥራ ባልደረባው ሚስ አይቨርስ ዕረፍቱን በገዛ አገሩ በምዕራቡ ደሴቶች ለምን እንደማያሳልፍ ስትጠይቀው፥ ፈረንሳይና ቤልጅግ በብስክሌት መዞር እንደሚመርጥ ይነግራታል፤ ስታጠብቅበት ደግሞ አገሩ እንደሰለቸው ያወጣዋል። ይኸው ሰው ነው ቆይቶ በገበታው ላይ የአገሩን ደግነት የሚያወድስ። ጆይስ የራሱን ጸጸት እንኳ አላመነውም፤ በተዘጋጀ ንግግር አድርጎ በማይታመን አፍ ውስጥ አስቀመጠው። አገር ወዳድነታችንን በየአዳራሹ ስናነበንብ ለኖርን ሰዎች ይህ ቦታ ደጋግመን ልናነበው የሚገባ ነው።

ሙያውን ለገብርኤል ሰጠ፤ ናፍቆቱን የሰጠው ለሚስቱ ለግሬታ ነው።

ግሬታ እንደ ኖራ የጎልዌይ ልጅ ናት። ደብሊን ለእርሷ የሰው አገር ነው፤ ከጎልዌይ በባቡር የጥቂት ሰዓት መንገድ መሆኑ ነገሩን አይለውጠውም (የአንድ ቀን አውቶቡስ ያልነው ለዚህ ነው)። በግብዣው መካከል ባሏ ከሚስ አይቨርስ ጋር የተጨቃጨቀበትን ነገር ስትሰማ ደስ ብሏት ጎልዌይን ዳግም ማየት እንደምትወድ ትናገራለች። ገብርኤል ከፈለገች ብቻዋን መሄድ እንደምትችል በብርዱ ይመልስላትና ወሬው ይቀየራል። አንባቢም ያልፈዋል፤ እኛም መጀመሪያ ስናነበው አልፈነው ነበር። ሌሊት ሊሄዱ ሲሉ ግን አንድ እንግዳ ከላይ ሆኖ አሮጌ የአገር ዘፈን ሲያንጎራጉር ግሬታ ደረጃው ላይ ቆማ ትቀራለች። ገብርኤል ከታች ሆኖ ያያታል፤ ሠዓሊ ብሆን እንዲህ አድርጌ እሥላት ነበር ይላል። ምን እንደምትሰማ አይጠይቅም! ሆቴል ሲገቡ ነው ያ ዘፈን የማን እንደነበረ የምትነግረው፤ በጋዝ ፋብሪካ ይሠራ የነበረ፥ በ17 ዓመቱ የሞተ ልጅ፥ ታሞ ሳለ ከጎልዌይ ልትሄድ በተነሣችበት ሌሊት ዝናብ እየመታው አትክልት ቦታ ውስጥ ቆሞ የጠበቃት። ተናግራ አልቅሳ እንቅልፍ ይወስዳታል። አስተማሪው ወደ መስኮቱ ዞሮ በረዶውን ያያል።

ይህን ሁሉ የተረክነው ለአንድ ነገር ነው። ከሰው ሁሉ ይበልጥ የተማረውና ውጭ አገር የሚወደው፥ ቋንቋ አዋቂው ሰው አጠገቡ የተኛችው ሴት ስደተኛ መሆኗን ሳያውቅ ዓመታት ኖሯል። ይህን የጻፈው ደግሞ ፖላና ትሪየስት ላይ ሊያስተምር ሲወጣ፥ የአገሩን ቋንቋ ከማትሰማበት ከተማ አንዲት ወጣት ቤት ትቶ ይወጣ የነበረ አስተማሪ ነው። እሱ ክፍል ውስጥ የሚያናግረው ሰው ነበረው። እርሷስ?

ወደ ራሳችን ሰው እንምጣ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ (ያን ጊዜ ገና ነጋድራስ አልተባሉም) በ1868 ዘጌ ተወልደው፥ ከ1902 ጀምሮ ናፖሊ በሚገኘው የምሥራቅ ቋንቋዎች ተቋም አማርኛ ያስተምሩ ነበር። ጆይስ ሮም ላይ የባንክ ደብዳቤ ሲገለብጥ እሳቸው እዚያው ኢጣልያ ውስጥ ለኢጣልያኖች ግሥ ያስረባሉ፤ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው የሰየሙት፥ ዛሬ «ጦቢያ» የምንለው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ በ1908 ሮም ታተመ። ከአድዋ 12 ዓመት በኋላ ማለት ነው፤ ተማሪዎቻቸውም ኤርትራን ይዛ የነበረች አገር ልጆች ናቸው። ሁለቱ አስተማሪዎች ግን በአንድ ነገር ይለያያሉ። ጆይስ የሚያስተምረው አገሩን የገዛውን መንግሥት ቋንቋ ነው፤ አፈወርቅ የሚያስተምሩት የገዛ እናታቸውን ቋንቋ ነው። በዕድሜም ቢሆን ወጣት አልነበሩም፤ አርባ ደርሰው ነበር።

«ጦቢያ»ን በትምህርት ቤት ያላነበበ የለም። እኛ የምንቆጨው ዘጌ የት ሄደች ብለን ነው። ታሪኩ የት አገር፥ በየትኛው ዘመን እንደሆነ አይነገረንም፤ ክርስቲያን አለ፥ አረመኔ አለ፥ በረሓ አለ፥ ንጉሥ አለ። ጦቢያ ማለት ኢትዮጵያ ማለት ስለሆነ አገሩ በልጅቷ ስም ውስጥ ገብቷል ይባላል፤ ይህ ነው እንግዲህ ገጣሚዎቻችን ሁሉ የወረሱት አገርን ሴት ልጅ የማድረግ ልማድ። አፈወርቅ ዝርዝር ስለማያውቁ ነው እንዳንል፥ በዚያው በ1908 ያሳተሙት የመንገደኞች መምሪያ በአማርኛና በፈረንሳይኛ ንግግሮቹ ውስጥ የገበሬውን ችግርና የሹማምንቱን በደል ያነሣል። ዐይናቸው ያየውን ሁሉ ለመማሪያው መጽሐፍ ሰጥተው ለልብ ወለዱ ከለከሉት። በእኛ አስተያየት ይህ የመጽሐፉ ትልቅ ጉድለት ነው።

በሌላ በኩል ቋንቋቸውን ይመልከቱ። አንድ ቃል ይበቃ በነበረበት ሦስት አራት ተመሳሳይ ቃላት ይደረድራሉ፤ ምሳሌው በምሳሌ ላይ ይነባበራል። ይህን አንዳንዶች ማብዛት ይሉታል። ቀኑን ሙሉ ለባዕድ ግሥ ሲያረቡ ውለው ማታ ከራሳቸው ጋር አማርኛ እንደሚያወሩ ሰው አድርገን ብናነባቸው ግን ሌላ ይሰማል። የተራበ አፍ ነው።

ደግሞ ታሪኩን አስቡት። ልጁ ዋሕድ አባቱን ከምርኮ ያስፈታውን ደግ ነጋዴ ውለታ ለመክፈል ከቤት ይወጣና በዚያው ይጠፋል፤ ለባርነት ይሸጣል። ከዚያ አባቱና መንትያ እኅቱ ጦቢያ፥ ልጅቷ ወንድ መስላ፥ ሊፈልጉት መንገድ ይወጣሉ። በባዕድ አገር ብዙ ዓመት የኖረ ሰው የጻፈው ልብ ወለድ፥ የቀሩት ሰዎች የሄደውን ፍለጋ የሚንከራተቱበት ነው! እዚህ ላይ አፈወርቅና ጆይስ ይገናኛሉ። እሱ ለግሬታ እንደሰጣት እሳቸውም ናፍቆቱን ለአባትና ለእኅት ሰጡ። ልዩነቱ አፈወርቅ ሁሉንም በመጨረሻ ያገናኟቸዋል፥ ሠርግም ይደገሳል። ያን ሠርግ ስናነብ ደስ ይለናል፥ አናምነውም። (አፈወርቅ በኢጣልያ ወረራ ዘመን ከወራሪው ጋር መቆማቸውን፥ ከነጻነት በኋላም ጅማ በግዞት ሳሉ በ1947 መሞታቸውን ሳንጠቅስ ብናልፍ ይከፋል። የ1908ቱን መጽሐፍ በ1936ቱ ሥራ መክሰስ ግን የሰነፍ ሒስ ነው።)

እንግዲህ ለሚቀጥለው እትም ግጥም የምታዘጋጁ ጓደኞቻችን፥ ናፈቀኝ ስትሉ የሚናፍቀው እናንተ ብቻ ለምን ሆናችሁ? እኅታችሁስ? ከገጠር መጥታ ዶርማችሁ በር ላይ ልብስ የምታጥብላችሁስ ሴት የት አገር ልጅ ናት? ጠይቃችኋታል?

ጆይስ ከ1912 በኋላ አየርላንድን አልረገጠም፤ በ1941 ዙሪክ ላይ ሞተ። ኖራ ግን በ1922 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሊፈነዳ ሲል፥ እሱ እየተቃወመ፥ ሁለቱን ልጆቿን ይዛ ጎልዌይ ሄደች። ሲመለሱ የተሳፈሩበት ባቡር ተተኩሶበታል። እሱ ፓሪስ ቀርቶ ይጠብቃቸው ነበር።